እጅ ዝቅ፣ ትከሻ ከፍ

ባለፈው ሳምንት መነጽር ለማሠራት ኦሎምፒያ አካባቢ ወዳለ አንድ የዓይን ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ጋዜጣ ማንበብ ካስቸገረኝ ቆይቷል፤ ክንዴን ዘርግቼ አርቄ እየያዝኩ፣ መብራቱ ነው፣ ቀለሙ ነው እያልኩ አንድ ዓመት ያህል ገፋሁት። የምትመረምረኝ ልጅ ከሃያ አምስት ዓመት አትበልጥም። ግድግዳው ላይ ያለውን የፊደል ሰሌዳ አበራችና፣ «ጋሼ፣ ግራ ዓይንዎን በመዳፍዎ ሸፈን ያድርጉልኝ» አለችኝ።

ሸፈንኩ። ፊደሎቹ ይታዩኛል፤ አፌ ግን አልከፈት አለ። በግራ በኩል የነበረው በር ጠፍቷል፤ ቦርሳዬን ያስቀመጥኩበት ወንበርም የለም። እንዲህ ነው ለካ የሚያየው፣ አልኩ በልቤ። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ እያየ ነው የኖረው።

«ጋሼ፣ አይታይዎትም እንዴ?»

«ይታየኛል የኔ ልጅ። አንድ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው።»

ያ ሰው ሙሉጌታ ይባላል። የወጣትነት ጓደኛዬ ነበር።

ደርግ ከወደቀ ሦስት ወይ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ነጥብ ስላልመጣልኝ ካዛንቺስ አባቴ ቤት ተቀምጫለሁ። ያኔ ካዛንቺስ እንዳሁኑ በመስታወት ፎቅ አልተከበበም። ከጣሊያን ጊዜ የቀሩት የድንጋይ ቤቶችና የእኛ ዓይነቱ የጭቃ ቤቶች አጥር ለአጥር ተደጋግፈው የቆሙበት ሰፈር ነበር፤ ክረምት ሲወጣ ከየግቢው የእርጥብ አፈር ሽታ ይመጣል። ከቤታችን ጀርባ የቀበሌ አዳራሽ አለ። ጠዋት ስብሰባ ይደረግበታል። ከሰዓት አግዳሚ ወንበሮቹ ወደ ግድግዳው ይገፉና በአራት የብረት ምሰሶ ላይ ገመድ ይወጠራል፣ የጭነት መኪና ሸራ ይነጠፋል፣ በቃ የቦክስ መድረክ ሆነ ማለት ነው። አሰልጣኛችን ጋሽ ዘውዱ በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት ቡድን የተጫወቱ፣ አፍንጫቸው ሁለት ቦታ የተሰበረ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መናገር የማይወዱ ሰው ነበሩ።

አባቴ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ለሱ ቦክስ የዱርዬ ሥራ ነው። ስለዚህ ተደብቄ ነው የጀመርኩት። ማታ ራት ላይ ከአምፖሉ ሥር ፊት ለፊቱ ስቀመጥ፣ ዓይኔ ሥር ትንሽ ቀልቶ ቢያይ «ምን ሆነህ ነው?» ማለቱ አይቀርም። ሌላው ልጅ እንዴት ሰው እንደሚጥል ሲማር፣ እኔ እንዴት ቡጢ እንደማያገኘኝ ተማርኩ። በኋላ ሰዎች «ብልህ ቦክሰኛ» ሲሉኝ አፍር ነበር። ብልሃት መቼ ሆነና፤ አባቴን ፈርቼ ነው።

አቋሜ እንዲህ ነው። ግራ እጄ ወገቤ አካባቢ ዝቅ ይላል፤ ግራ ትከሻዬ ከፍ ብሎ አገጬን ይሸፍናል፤ ቀኝ እጄ ጉንጬ ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል፤ ክብደቴ ኋለኛው እግሬ ላይ ነው። ቡጢ ሲመጣ ወይ ትከሻዬ ላይ ተንሸራቶ ያልፋል፣ ወይ ከወገቤ ወደ ኋላ ለጠጥ እልና አየር ላይ ይቀራል። ያኔ የኔ ቀኝ ይሄዳል። ጋሽ ዘውዱ «እጅ ዝቅ፣ ትከሻ ከፍ» ይሉት ነበር።

ይሄ አጨዋወት የማልክደው ጥቅም አለው። አየር መምታት ሰው ከመምታት ይበልጥ ያደክማል፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ተጋጣሚዬ በአፉ ሲተነፍስ እኔ ገና በአፍንጫዬ ነኝ። ስቶ ወደ ፊት ሲያዘነብል የሚያገኘው ቡጢ ደግሞ ቆሞ ከሚቀበለው እጥፍ ያመዋል፤ ግማሹን ኃይል ያመጣው ራሱ ነዋ። ቁጡ ልጅ ከሆነ ደግሞ እየሳተ ይናደዳል፣ እየተናደደ ይስታል። ከሁሉም በላይ ፊትህን ይዘህ ቤትህ ትገባለህ።

ጉዳቱን ያሳየኝ የሙሉጌታ ነገር ከመድረሱ ከአንድ ዓመት በፊት ያደረግኩት ግጥሚያ ነው። ተጋጣሚዬ ሦስት ዙር ሙሉ እየተወረወረ መጣብኝ፤ እኔም ሦስት ዙር ሙሉ አመለጥኩት። እሱ የነካኝ ጥቂት ነው፤ እኔ የነካሁት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ዳኞች ለማምለጥ ነጥብ አይሰጡም። ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ ጋሽ ዘውዱ ጆሮዬ ሥር «ወደ ኋላ ቀርተሃል፤ አሁን አንተ ሂድበት» አሉኝ። መሄድ የት አውቄ! የሚመጣብኝን ሰው መጠበቅ ለምጄ፣ ወደ ሰው መሄድ ሲመጣ እግሬ እምቢ አለኝ። ተሸነፍኩ። ያን ዕለት ራት ላይ አባቴ ፊቴን አየት አድርጎ እንጀራውን ቆረሰ። ምልክት የለም፣ ስለዚህ ጥያቄም የለም። መሸነፌን ለማንም ሳልናገር በላሁ።

ሙሉጌታ የኔ ተቃራኒ ነበር። ቤታቸው ቂርቆስ ነው፤ ወሎ ሰፈር አንድ ጎሚስታ ቤት የመኪና ጎማ ሲፈታና ሲገጥም ስለሚውል ክንዱ ፈርጥሟል። አጭር፣ አንገተ ወፍራም፣ ሳቂታ። አንድ ቡጢ ለማሳረፍ ሦስት ይቀበላል፤ ያቺ አንዷ ግን ሰው ትጥላለች። ጠዋት ጠዋት ከካዛንቺስ ተነስተን፣ በኦሎምፒያ አድርገን ወሎ ሰፈር ድረስ አብረን እንሮጥ ነበር። ስንጨርስ መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ገብተን ትኩስ ፓስቲ በሻይ እንበላለን።

«ግርሜ፣ አንተኮ ቦክሰኛ አይደለህም፤ ጭስ ነህ» ይለኛል ዘይት የነካ ጣቱን እየላሰ።

«አንተስ?»

«እኔማ ጎማ ነኝ። ብመታም እነጥራለሁ።»

በዚያ ዓመት ከጥምቀት በኋላ የምርጫ ግጥሚያ ነበር። ደመወዝ የሚከፍል አንድ ክለብ ሰዎቹን ልኮ ልጆች ሊመለምል ነው ተባለ። ሙሉጌታ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ክለብ ይገባል፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣል፣ በኋላ የአሰብ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል፣ እናቱን ከሥራ ያሳርፋል።

እናቱን እትዬ አስካለ እንላቸዋለን። የአንድ መሥሪያ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ፤ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ሙሉጌታን ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። የነቢያት ጾም እንደገባ አንድ ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩ። ሙሉጌታ ውኃ ሊቀዳ ወጥቶ ነበር። እትዬ አስካለ ሱፍ ፍትፍት በሳህን አቀረቡልኝና ፊት ለፊቴ ዱካ ላይ ተቀመጡ።

«ግርማዬ፣ አንድ ነገር ልለምንህ።»

«ምን ገዶኝ እትዬ፣ ይዘዙኝ።»

«አንተ ሳትነካ ነው አሉ የምትወጣው። ይሄ ልጅ ግን በየሳምንቱ ፊቱ አባብጦ ነው የሚመጣብኝ። ተው ብለው አይሰማኝም። ያንተን አሳየው በናትህ። ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ግዴ አይደለም፤ ብቻ ፊቱን ይዞ ይምጣልኝ።»

የሱፉ ቅዝቃዜ እስካሁን ምላሴ ላይ አለ። «እሺ» አልኳቸው። እንደዚያ ለምኖኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ በዚያ ዕድሜ እንዲህ ሲባል ደግሞ ደረት ይነፋል።

ለጋሽ ዘውዱ ስነግራቸው ፎጣቸውን እያጠፉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለሱ አይሆነውም» አሉ። «አንተ ረጅም ነህ፤ ለጠጥ ስትል ቡጢው አይደርስብህም። እሱ ለጠጥ ቢል አፍንጫው እዛው ነው የሚቀረው። ደግሞ ግራ እጅ ዝቅ ካለ ከላይ ለሚመጣ ቀኝ ቡጢ በሩ ክፍት ነው። አንተ ዓይንህ ያድንሃል፤ ዓይንህን ለማስተማር ግን ሦስት ዓመት ፈጀን። እሱ እጁን ከፍ አድርጎ፣ ጭንቅላቱን እያወዛወዘ ይጠጋ። አጭር ሰው ተጠግቶ ነው የሚድነው።»

ልክ ነበሩ። እኔ ግን እሺ ብያለሁ። ሙሉጌታም እናቱ መለመናቸውን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ «ነገ እንጀምር በቃ» አለኝ።

ከጋሽ ዘውዱ ተደብቀን ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ መሥራት ጀመርን። የኅዳር ብርድ ጣት ይቆርጣል፤ ጓንት ስናደርግ ሞቅ ይለናል። የመጀመሪያው ሳምንት የወረወርኩት ቡጢ ሁሉ አገኘው። ትከሻውን ሲያስብ እግሩን ይረሳል፣ እግሩን ሲያስብ ዘግይቷል። አንድ ቀን ጓንቱን አውልቆ ወረወረና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «እኔ ደደብ ነኝ» አለ። ሙሌ ስለ ራሱ እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

በማግስቱ ቡጢዬን ቀነስኩ። ይሄ ራሱ ስህተት አይደለም፤ ሁሉም አሰልጣኝ እንዲያ ነው የሚያስተምረው፤ ቀስ ብሎ ጀምሮ እያፈጠነ ይሄዳል። እኔ ግን አላፈጠንኩም። መጀመሪያ ቡጢዬን ያመለጠ ዕለት ፊቱ ላይ የወጣውን ሳቅ ካየሁ በኋላ ማፍጠን አቃተኝ። ትከሻው ላይ አንሸራቶ ሲያሳልፈኝ «አየህ? አየህ?» ይላል። እኔም «ግሩም ነው!» እለዋለሁ። እናቱ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጉንጬን ይስማሉ፤ «ፊቱ ዳነልኝ» ይላሉ። መመስገኑ ጣፈጠኝ። ገና ሊደርስ ሰሞን፣ «ሙሌ፣ ደርሰሃል» አልኩት። አለመድረሱን እያወቅኩ።

ግጥሚያው ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው እሑድ ከሰዓት ነበር። አዳራሹ ሞልቷል፤ በቆርቆሮ ጣሪያው ሥር ሙቀቱና የላብ ሽታው አንድ ላይ ነው። እትዬ አስካለ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ልጃቸውን ሊያዩ መጥተው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ከዚያ በፊት አልችልም እያሉ ቀርተው ነበር። የመጡት እኔን አምነው ነው። እኔ ከጋሽ ዘውዱ ጋር የሙሉጌታ ጥግ ላይ ቆሜ ውኃና ፎጣ ይዣለሁ።

ተጋጣሚው ከመርካቶ በኩል የመጣ ረጅም ልጅ ነው። ደወሉ ተደወለ፤ ሙሉጌታ እጁን ዝቅ፣ ትከሻውን ከፍ አደረገ። ጋሽ ዘውዱ ዞረው አዩኝ። 

የመጀመሪያው ዙር ያምር ነበር። ልጁ ስላልጠበቀው ግራ ገባው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ አየር መታ፤ ሕዝቡ ሳቀበት። ሙሉጌታ አንድ ቀኝ አሳረፈበትና ልጁ ተንገዳገደ። እትዬ አስካለን ዞሬ አየኋቸው፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ፈገግ አሉልኝ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ልጁ ገባው። በግራው የሚመታ መስሎ ያታልላል፤ ሙሉጌታ ወደ ኋላ ለጠጥ ይላል፤ ያን ጊዜ ዝቅ ካለው እጁ በላይ ቀኝ ቡጢ ይመጣል። አንዴ። ሁለቴ። እኔ እንደወረወርኩለት ዓይነት ቡጢ አልነበረም። ጋሽ ዘውዱ፣ ያ ድምፃቸውን የማያነሱ ሰው፣ «እጅህን አንሳ! ተጠጋው!» ብለው ጮኹ። ሙሉጌታ ግን ወደ ጋሽ ዘውዱ አላየም። ወደኔ ነው ያየው። ምን ላድርግ ነው የሚለኝ።

እጅህን አንሳ ማለት ነበረብኝ። ያን ብል ግን ያስተማርኩት ሁሉ ስህተት ነበር ማለት ነው፤ እዚያው፣ እናቱ ፊት። «ትከሻህን!» አልኩት። «ትከሻህን ከፍ!»

ከፍ አደረገ። ሦስተኛው ቡጢ ግራ ዓይኑ ላይ አረፈ።

አልወደቀም። ሙሌ በቀላሉ አይወድቅም። ሦስተኛውን ዙር ጨረሰ፤ በነጥብ ተሸነፈ፤ የክለቡ ሰዎች ስም ሲጽፉ የሱ አልነበረበትም። እትዬ አስካለ እስከ መድረኩ መጥተው በነጠላቸው ጫፍ ደሙን ጠረጉለት። «ተወው፣ ተወው፣ ደህና ነህ» ይሉት ነበር፤ ለሱ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም።

ዓይኑ በጥቁር መጋረጃ እንደመሸፈን ሲለው እናቴ ትደነግጣለች ብሎ አምስት ቀን ደበቀ። በስድስተኛው ቀን ጎሚስታው ውስጥ መዶሻ ሲያነሳ ሲስት አለቃው አይቶ ነው ሆስፒታል የወሰደው። ሐኪሙ የዓይኑ ውስጠኛ ስስ ሽፋን ከቦታው ተላቅቋል፣ ቆይታችኋል አሉ። ያኔ እንደዛሬው አልነበረም። ግራ ዓይኑ በዚያው ጠፋ።

ልጠይቀው ሄድኩ። ዓይኑ በፋሻ ታስሯል፤ አልጋው አጠገብ ያመጣሁለት ብርቱካን አለ። እትዬ አስካለ መድኃኒት ሊያመጡ ወጡ። ሙሉጌታ በአንድ ዓይኑ ትኩር ብሎ አየኝ።

«ግርሜ፣ መስቀል አደባባይ ስንሠራ... ቡጢህን ትቀንስልኝ ነበር እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም» አልኩ። ቃሉ ሳላስበው ነው የወጣው፤ ራት ላይ ለአባቴ እንደምመልሰው። «በሙሉ ፍጥነት ነበር። ያ ልጅ ዕድል ቀናው እንጂ።»

«እሺ» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ከዚያ በኋላ አዳራሹን አልረገጥኩም። እሱም እንዲሁ። እኔ በዓመቱ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ፣ አገባሁ፣ ከሰፈርም ወጣሁ። ለእሱ መንጃ ፈቃዱ ቀረ፤ አሰብም ቀረ። ጎሚስታው ውስጥ እዚያው ቆየ። አንዳንዴ በወሎ ሰፈር በታክሲ ሳልፍ ጎማ ላይ አጎንብሶ አየዋለሁ፤ ወርጄ ሰላም ያልኩት ግን ጥቂት ጊዜ ነው። ሰላምታችን ደህና ነው። ጨዋታ ግን የለውም።

እትዬ አስካለን አንድ ቀን ኦሎምፒያ ታክሲ ስጠብቅ አገኘኋቸው። አርጅተዋል። ጉንጬን አልሳሙኝም፤ መሬት መሬት እያዩ «ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አሉኝ። «አንተንም ባላሰብከው ነገር ውስጥ አስገባሁህ። እኔ ባልለምንህ ኖሮ ልጄ እንደ ጥንቱ ይጫወት ነበር።» አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። «ኧረ እትዬ፣ ምን ማለትዎ ነው» አልኩና የመጣው ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ዐረፉ። ሰፈራቸው ፈርሶ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ገብተው ነበር፤ የለቅሶው ድንኳን በሕንጻዎቹ መሀል ተተክሏል። ሙሉጌታ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ በሚያየው ዓይኑ በኩል እንድሆን ወንበሩን ወዲያ አዙሮ። ንፍሮ አዙረውልን ሄዱ። ሁለታችንም አልቀመስንም።

«ሙሌ፣ አንድ ነገር ልነግርህ እፈልጋለሁ» አልኩት። «ድሮ ልነግርህ ይገባኝ ነበር። ያኔ ስንሠራ...»

«አውቀዋለሁ» አለ። «ሁለተኛው ዙር ላይ ነው ያወቅኩት። የልጁ ቡጢ ሲመጣ፣ ካንተ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም አልኩ። በቃ ገባኝ።»

«ታዲያ ሆስፒታል የጠየቅከኝ...»

«እንድትነግረኝ ነበራ። ይቅር ልልህ ተዘጋጅቼ ነው የጠየቅኩህ። ልጆች ነበርን።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ብቻ ደክሞታል። «የኔን ተወው። እሷ ግን፣ ግርማ። ‹ዓይንህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ግርማን ለምኜ› እንዳለች ነው የሞተችው። እኔ ስነግራት ላጽናናት የምዋሽ እየመሰላት አታምነኝም። ካንተ አፍ ብትሰማው ነበር።»

 አስተዛዛኞች መጡና ሊቀበላቸው ተነሳ።

ሰው ሲጠይቀኝ አሁንም በወጣትነቴ ቦክሰኛ ነበርኩ እላለሁ፤ ጥርሴም አፍንጫዬም ሙሉ ስለሆነ የሚያምነኝ የለም። አጨዋወቱን አልወቅስም። ጥሩ አጨዋወት ነው፣ ለሚሆነው ሰው። እኔን የሚጸጽተኝ ከመድረኩ ከወረድኩ በኋላ ያመለጥኩት ነው፤ ሁለት ጊዜ እውነቱን የመናገር ዕድል መጣልኝ፣ አንዴ በሱ፣ አንዴ በእናቱ፣ ሁለት ጊዜም አመለጥኩ። ቡጢ ቢሆን ጠባሳው በዳነ ነበር።

ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ እደውልለታለሁ። ያነሳል። «ደህና ነኝ፣ ቤተሰብ ደህና ነው?» ይላል። ልጆቼን በስማቸው ይጠይቀኛል። «እስኪ አንድ ቀን እመጣለሁ» እለዋለሁ። «እሺ ግርማ፣ መልካም በዓል» ይለኛል። ና ግን ብሎኝ አያውቅም።